ተራራ በተራራ አይተካም

የደጋ ተራሮቻችን ጥበቃ በተነሳ ቁጥር ወሬው ስለ ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ነው። ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978፣ ባሌ ደግሞ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገቡ ዋናው ሥራ ያለቀ የሚመስለን ጥቂት አይደለንም። ነፍሳቱን ላየ ሰው ግን ሥራው ገና አልተጀመረም።

ባሌ ውስጥ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሳነቴ አምባ ላይ ድንጋይ ገልብጡ። ሥሩ ከአምስት ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ቡናማ ጥንዚዛ ልታገኙ ትችላላችሁ። ትሬከስ ከሚባለው ወገን ናት። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ በሚፈራረቅበት በዚያ አምባ የምትኖረው በእግሯ እየሄደች ነው፤ መብረር አትችልም። ዘመዶቿን ቆላ ወርዳችሁ አታገኟቸውም። የሚበዙት በአውሮፓና በእስያ፣ በብርዳማ አገሮችና ተራሮች ላይ ነው። ዋልያም እንደዚሁ ነው፤ ዘሩ ከሰሜን ንፍቀ ክበብ የተራራ ፍየሎች ይመዘዛል። ከአምባው በስተደቡብ ቁልቁል ወርዳችሁ ሐረና ጫካ ስትገቡ ደግሞ የአፍሪካ ትውልድ የሆኑ ነፍሳት ይበዛሉ። አንድ ተራራ ላይ ሁለት የዘር ታሪክ!

የማይበር ነፍሳት ስምጥ ሸለቆን ወይም የዓባይን ገደል አቋርጦ አይሄድም። በጥንቱ የብርድ ዘመን፣ ባሌና ሰሜን ተራሮች ላይ ግግር በረዶ በነበረበት ጊዜ፣ ብርዳማው ቀጣና ወደ ታች ሰፍቶ ነበር። አየሩ ሲሞቅ ሕይወቱ ወደየጫፉ አፈገፈገና ተነጣጥሎ ቀረ። ስለዚህም የእነዚህ ጥንዚዛዎች ብዙ ዝርያዎች የአንድ ተራራ ብቻ ናቸው። ባሌን መጠበቅ የጎጃሙን ጮቄ አያድንም፤ ሰሜን ተራሮችን መጠበቅም የጋሞውን ጉጌ አይተካም። እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሂው ስኮት እ.ኤ.አ. በ1948–49 ጉጌ፣ በ1952–53 ደግሞ ሰሜን ተራሮች ድረስ የዘለቀው የከፍታውን ሕይወት ሥርጭት ሊያጠና ነበር። ከዚያ ወዲህ የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ጉዳይ የዕለት ሥራቸው አለማድረጋቸው ያስቆጨኛል።

ጮቄ ላይ ገብሱና ድንቹ የጓሳ ሣሩን እየገፋ ሽቅብ ወጥቷል። አየሩም እየሞቀ ነው፤ ጫፍ ላይ ያለ ነፍሳት ደግሞ ከዚያ በላይ መሸሻ የለውም። ገበሬውን በማፈናቀል ግን መፍትሔ አይመጣም። የመንዝ ሕዝብ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድና ከብት መቼ እንደሚገባ በራሱ ደንብ እየወሰነ ጓሳን ለዘመናት ጠብቋል።

ስለዚህ ክልሎች የሚጠበቅ ቦታ ሲከልሉ መለኪያቸው ትልልቁ እንስሳ ብቻ አይሁን፤ እያንዳንዱ ተራራ ራሱን ችሎ ይጠና። ለጮቄ ደብረ ማርቆስ፣ ለጎንደሩ ጉና ደብረ ታቦር፣ ለጉጌ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብ ናቸው። ለጅምሩ በእግር የሚሄዱ ነፍሳት እንዲወድቁበት አፉ ከመሬት እኩል ሆኖ የተቀበረ የፕላስቲክ ኩባያ፣ አልኮል፣ አጉሊ መነጽርና በየወቅቱ ተራራ የሚወጡ ተማሪዎች ይበቃሉ።