ማውሱን የያዘው ብቻውን ሲወስን

ባለፈው ዓመት እዚሁ ባሕር ዳር አምስት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች የጣናን እምቦጭ ሰብስቦ ወደ ዳር የሚያወጣ ማሽን ንድፍ ይዘው እንዳማክራቸው መጡ። ሥራውን በቴሌግራም ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ የደረሰውን ክፍል ለብቻው ሠርቶ ጨርሷል። ለማቅረቢያው ሁለት ቀን ሲቀር ክፍሎቹን ሶሊድወርክስ በተባለው የንድፍ ሶፍትዌር ሊገጣጥሙ ሲሉ ግን አንደኛው የሣለው ሻፍት (የሚሽከረከረው ዘንግ) ውፍረቱ 40 ሚሊ ሜትር፣ ሌላዋ የመረጠችው፣ ሻፍቱ ገብቶ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳው 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የግሩፑን መልእክቶች ወደ ኋላ ሄደን ስናይ የተላላኳቸው ፋይሎችና «እሺ» የሚሉ መልሶች ሞልተዋል፤ ስለ ሻፍቱ ውፍረት የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም።

ነገሩን በስንፍና ማሳበብ ይቀላል፤ እኔ ግን አልቀበለውም፤ አምስቱም ለፍተዋል። ያጡት በአንድ ሥዕል ፊት ቆመው የሚከራከሩበትን ጊዜ ነው። በ1955 ዓ.ም. የከተማችን ፖሊ ቴክኒክ ሲመሠረት ንድፍ የሚሠራው በእርሳስ፣ በሰፊ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ የተሣለውንም በአጠገቡ የሚያልፍ ሁሉ ያየው ነበር። ወደዚያ እንመለስ አልልም፤ ሶፍትዌሩ ያተረፈልን ጊዜና ጥራት ብዙ ነው።

ይሁንና አብሮ መቀመጥ ብቻውንም አይበቃም። ለከባድ ሶፍትዌር የሚበቃ ላፕቶፕ ያለው ብዙ ጊዜ ከቡድኑ አንድ ሰው ነው፤ ሌሎቹ ከኋላው ተደራርበው ስክሪኑን ሲመለከቱ የጋራ ሥራ ይመስላል፣ ነገር ግን አንዱ ሐሳቡን ተናግሮ ሳይጨርስ ማውሱን የያዘው መስመሩን ሥሎ ያልፋል። ሴት ተማሪዎች ደግሞ ሪፖርት እንዲጽፉ ሲመደቡ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፍላሽ ዲስክ መቀባበል ግድ ሆኖ ነበር። የመገጣጠሚያው ፋይል በተለመደው አሠራር የየክፍሎቹን አድራሻ እንጂ ክፍሎቹን ስለማይዝ፣ እሱን ብቻ ገልብጦ የሄደ ተማሪ ሲከፍተው ክፍሎቹን ያጣቸዋል። መቋረጡ የጎዳን ጉዳት ነው፤ ማን ምን እንደለወጠ ፊት ለፊት መጠያየቅን ግን ኢንተርኔት ሲመለስ መተው አልነበረብንም።

መምህራን ሥራው ከመከፋፈሉ በፊት ክፍሎቹ የሚገናኙባቸውን ልኮች ሁሉም የፈረሙበት አንድ ገጽ እንዲያመጡ ማድረግ አለባቸው። ማውሱም በተራ ይያዝ፤ በማቅረቢያው ዕለት ደግሞ እያንዳንዱ ስለ ጓደኛው ክፍል ይጠየቅ።

አምስቱ በመጨረሻ አንድ ስክሪን ፊት ተቀመጡ። ኩሽኔታውን የመረጠችው ልጅ ማውሱን ተቀብላ የሻፍቱን ጫፍ ወደ 35 ዝቅ አደረገችው፤ ሻፍቱን የሣለውም ወረቀት አውጥቶ፣ ቀጥኖ ጭነቱን ይችል እንደሆነ ማስላት ጀመረ።