ነፋሱ ነው ወይስ የቤት ሠራተኛዋ?

ኤምሊ ብሮንቴ «ውዘሪንግ ሃይትስ»ን ያሳተመችው በ1847 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ኤሊስ ቤል በሚል፣ ወንድ ይሁን ሴት በማይለይ የብዕር ስም። በዓመቱ በ30 ዓመቷ ሞተች። ሌላ ልቦለድ አላሳተመችም።

ላላነበበ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሂዝክሊፍ የሚባል ልጅ ከሊቨርፑል ጎዳና ተነሥቶ ወደ አንድ የዮርክሽር ገጠር ቤት ይመጣል። ካመጡት ሰውዬ ልጅ ከካትሪን ጋር አብሮ ያድጋል፤ ይዋደዳሉ። እሷ ግን ሀብታሙን ጎረቤት ኤድጋር ሊንተንን ታገባለች። ሴት ልጅ ወልዳ ወዲያው ትሞታለች። ሂዝክሊፍ ቀሪ ዕድሜውን ሁለቱን ቤተሰቦች ሲበቀል ይኖራል።

ሁለት አንባቢዎች ይህን መጽሐፍ አንብበው አልተግባቡም። የሚያስፈራው ምኑ ነው? እሱ «መቼቱ» ይላል። እሷ «አተራረኩ» ትላለች።

እሱ፦ ከስሙ ልጀምር፤ የመጽሐፉም የቤቱም ስም ነው። «ውዘሪንግ» የአካባቢው ሰዎች ቃል ነው። ወጀብ ሲነሣ ቤቱ ላይ የሚወርደውን የነፋስ ግርፊያ ነው የሚገልጸው። ደራሲዋ ገና ከሽፋኑ ነፋስ አሰማችን ማለት ነው። ተራኪው፣ ሎክዉድ የሚባለው የከተማ ሰው፣ በ1801 ደጃፉ ላይ ሲደርስ ምን አየ? ነፋስ ያጎበጣቸው ጥዶች። ፀሐይን ምጽዋት የሚለምኑ ይመስል እጃቸውን ሁሉ ወደ አንድ ጎን የዘረጉ እሾሃማ ቁጥቋጦዎች። ግድግዳው ውስጥ ጠልቀው የተቀመጡ ጠባብ መስኮቶች። በሩ ላይ 1500 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ያ ቤት 300 ዓመት ሲገረፍ ኖሯል።

ሜዳውም ዛፍ የለውም። የሸፈነው ሄዘር የሚባል ቁጥቋጦ ነው። ስሜን ተራራ የወጣ ሰው የእኛን አስታ ያውቃል፤ ሄዘር የእሱ ዘመድ ነው፣ ግን ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። የዋናው ገጸ ባሕርይ ስምም ከዚሁ መሬት የተቀዳ ነው። «ሂዝ» እንዲህ ያለው ሜዳ ነው፣ «ክሊፍ» ደግሞ ገደል።

በመጽሐፉ ያለውን መቃብርም ደራሲዋ ከራሷ አላፈለቀችውም። ሃዎርዝ የሚገኘው የአባቷ ቤት ከመቃብር ቦታ ጋር ፊት ለፊት ነው። በ1850 የቀረበ የጤና ምርመራ የዚያ መንደር ሰው የሚሞትበት አማካይ ዕድሜ 26 ዓመት ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ሞት እዚያ ጎረቤት ነበር።

እሷ፦ ወንድሜ፣ ስለ ጥዶቹ ማን ነገረህ? ሎክዉድ። ሎክዉድ ማለት ደግሞ የሞቱ ጥንቸሎችን ክምር ድመቶች መስሎት፣ የቤቱን ወጣት ሴት «የምትወጃቸው እነዚህን ነው?» ያለ ሰው ነው። እዚያ ስደርስ ሳቅኩ። ከዚያ ግን ደነገጥኩ። ዓይናችን አድርገን የያዝነው ሰው ጥንቸልና ድመት አይለይም!

ስሙንም ቢሆን ቸኩለህበታል። ሂዝክሊፍ የሚለው ስም የወጣለት በሞተ የቤቱ ልጅ ስም ነው። ልጁ የሬሳ ስም ለብሶ ነው የገባው። እኔን ከገደሉ ይልቅ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

አሁን ወደ ኔሊ ዲን ልምጣ። ሎክዉድ ታሞ ሲተኛ፣ መርፌና ጨርቋን ይዛ አጠገቡ ተቀምጣ የዓመታቱን ታሪክ የምታወራለት የቤት ሠራተኛዋ ናት። ደግ ናት፣ ጨዋታ ታውቃለች፣ ታምናታለህ። እስቲ የሠራችውን ቁጠር። ሂዝክሊፍ ገና ሕፃን ሆኖ የመጣ ማታ አልጋ መስጠት ትታ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው፤ ሲነጋ እንዲጠፋላት ነው። ይህን ራሷ ነው የምትናገረው፣ ሳትጨነቅ።

ከሁሉ የከፋው የወጥ ቤቱ ማታ ነው። ካትሪን ለኤድጋር እሺ ማለቷን ለኔሊ ታጫውታታለች። ሂዝክሊፍ ግድግዳው ጥግ አግዳሚ ላይ ተጋድሞ ይሰማል። ካትሪን አላየችውም። «አሁን ሂዝክሊፍን ባገባ እዋረዳለሁ» ስትል ተነሥቶ ወጣ። ቀጥላ የተናገረችውን፣ ከራሴ ይልቅ እሱ እኔን ነው ያለችውን፣ አልሰማም። ኔሊ ሲወጣ አይታዋለች። ደንግጣ «ዝም በይ» አለቻት። ካትሪን ለምን ብላ ስትጠይቃት ግን የጋሪ ድምፅ ሰማሁ፣ ሎሌው ጆሴፍ መጣ ብላ አድበሰበሰችው። ያኔውኑ «ሰምቶሻል፣ ሩጪ» ብትላትስ? በዚያ ሌሊት ጠፋ፤ ሲመለስ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ ያኔ እሷ አግብታለች። ነፋስ ነው ይህን ያደረገው?

እሱ፦ ይህችኛዋ ነካችኝ፣ አልደብቅም። ደረጃውንም ረስቼው ነበር። ግን መስኮቱን አስቢ። ሎክዉድ በረዶ አግዶት እዚያ ያደረ ሌሊት፣ በሕልሙ መስኮቱን የሚቆረቁረውን ቅርንጫፍ ሊይዝ እጁን ሲሰድ በረዶ የመሰለ ትንሽ እጅ ይይዘዋል። «አስገባኝ» ትላለች የሟቿ የካትሪን መንፈስ፤ 20 ዓመት ስንከራተት ኖርኩ ትላለች። ይህን የሚነግረን ሎክዉድ ነው። መጨረሻ ላይ ሂዝክሊፍ የሚሞተው እዚያው ክፍል ነው። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ዝናቡ አልጋውን አርሶታል፤ መስኮቱ እየተንጓጓ የአንድ እጁን ቆዳ ልጦታል፣ ደም ግን የለም። ይህን የምትነግረን ኔሊ ናት። ሂዝክሊፍና ካትሪን ልጆች ሳሉ በጨለማ የሊንተኖችን ቀይ ምንጣፍ ተንጠልጥለው ያዩትም በመስኮት ነው፤ እሱን ያወራው ራሱ ሂዝክሊፍ ነው። ሦስት አፍ፣ አንድ ምስል። ኔሊ ፈጠረችው እንዳትዪኝ።

እሷ፦ ቆንጆ ነው፣ ይሁንልህ። ግን የሕልሙን ግማሽ ዘለልክ። ሎክዉድ ምን አደረገ? የልጅቷን አንጓ ጎትቶ በተሰበረው መስታወት ላይ ወዲያና ወዲህ አሸው፤ ደሟ አልጋውን እስኪያርስ። ጨዋ ነኝ የሚለው የከተማ ሰው! እኔ እዚያ ገጽ ላይ ከመናፍስቱ ይልቅ የፈራሁት ተራኪውን ነው።

እሱ፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሂዝክሊፍ ከተቀበረ በኋላ አንድ ትንሽ እረኛ በግና ሁለት ግልገል ይዞ መንገድ ላይ እያለቀሰ ይገኛል። «ሂዝክሊፍና አንዲት ሴት እዚያ ቆመዋል» ይላል። ልጁን ተይው፣ የመንደር ወሬ ሰምቶ ይሆናል። በጎቹስ? እነሱም አናልፍም ብለዋል። በግ ደግሞ ወሬ አይሰማም።

እሷ፦ የበጎቹን ነገር ማን ነገረህ?

እሱ፦ ኔሊ።

እሷ፦ እሷስ ምን አየች?

እሱ፦ «እኔ ምንም አላየሁም» ነው የምትለው። ግን ልጁን በታችኛው መንገድ ሂድ አለችው። አሁን ሲጨልም ከቤት መውጣት አልወድም ትላለች።