አርባ ናቸዋ!

ልጅ ሆነን ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሁሉን አዋቂ ነበረ። የሚበልጠን በሦስት ዓመት ብቻ ነው። ያኔ ግን በሦስት ዓመት የሚበልጥ ልጅ ዲግሪ እንደያዘ ሰው ነው የሚታየው። አንድ ቀን ካሴት ይዞ መጣ። ክሩ በእስክሪብቶ ስንት ጊዜ እንደተጠቀለለ ያስታውቃል። ውስጡ «ሬድ ሬድ ዋይን» የሚለው ዘፈን አለ። የባንዱ ስም ዩቢ ፎርቲ ነው አለን።

«ፎርቲው ምንድን ነው?»

«አርባ ናቸዋ!»

«ዩቢውስ?»

«እሱ የሰፈራቸው ስም ነው።»

አመንነው። ለምን አናምነው? ለእኛ ባንድ ማለት ብዙ ሰው ነው። የፖሊስ ወይም የምድር ጦር ኦርኬስትራ በቴሌቪዥን ሲቀርብ ጥሩምባው ከጥሩምባ ጀርባ ተደርድሮ መስኮቱን ይሞላዋል። ማን ቆጥሮት ያውቃል? አርባ ቢሆኑ ምን ይገርማል።

ዕድል ሆነና ዛሬ የምኖረው የዚያ ባንድ ከተማ በርሚንግሃም ውስጥ ነው። 50 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍሬ በኪንግስ ሂዝ ሳልፍ መንገዱ ዳር አንድ ትልቅ አሮጌ መጠጥ ቤት አለ፤ ሄር ኤንድ ሃውንድስ ይባላል። ዩቢ ፎርቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት የተጫወቱት እዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1979። ለዚህም የመታሰቢያ ሰሌዳ ተለጥፎለታል። ስለ አርባው ሰው የነገርኩት የሥራ ባልደረባዬ፣ ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ ጎልማሳ ሰው ነው፣ እስኪያስለው ሳቀ። «ስምንት ነበሩ» አለኝ። «አርባው የቅጽ ቁጥር ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ብሪታንያ ውስጥ ሥራ የሌለው ሰው ድጎማ ለማግኘት የሚይዘው ካርድ ነበር። ስሙ «የሥራ አጥ ድጎማ፣ ቅጽ 40» ነው። በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደላት ሲያጥር ዩቢ 40 ይሆናል። ልጆቹ ባንዱን ሲመሠርቱ ሥራ ፈቶች ነበሩ። አንድ ጓደኛቸው ስሙን አቀበላቸው፣ እነሱም ወደዱት። በ1980 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን ራሱን ካርዱን ይመስላል፣ ማኅተም ሳይቀር። አልበሙንም «ሳይኒንግ ኦፍ» አሉት። ሥራ አገኘሁ ብሎ ከድጎማው መዝገብ መውጣት ማለት ነው። (አልበሙ የተቀዳው በአንድ ሰውዬ መኖሪያ ቤት ነው። የተወሰነውን ክፍል ጓሮ ወጥተው ስለቀዱት አንዳንድ ቦታ የወፍ ድምፅ ይሰማል። በጆሮ ማዳመጫ ሞክሩት።)

በማግሥቱ ዓመት ደግሞ «ዋን ኢን ቴን» የሚል ዘፈን አወጡ፣ «ከአስር አንዱ» እንደማለት። የዚህ አካባቢ የሥራ አጥ ቁጥር ያኔ ከመቶ አስር ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። በ1982 መጀመሪያ ላይ በመላው ብሪታንያ ሥራ ያጣው ሰው ከ3 ሚሊዮን አለፈ። ካርዷ በየሰዉ ኪስ ስለነበረች ባንዱ ሌላ ማስታወቂያ አላስፈለገውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እዚህ አገር እንደመጣሁ እኔም ቁጥር ተሰጥቶኛል። አንድ ቢሮ ወረፋ ይዤ ስደርስ ልጅቷ ስሜን ለመጥራት ሦስት ጊዜ ሞከረች። አልሆነላትም። ቀና ብላ ፈገግ አለችና «ቁጥርህን ንገረኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ሁለታችንም ተገላገልን። እውነቱን ለመናገር አልከፋኝም። ቁጥሬ አይበላሽም፣ አይኮላሽም። ስሜን ግን በአስራ ምናምን ዓመት ውስጥ አንድም ፈረንጅ በትክክል ጠርቶት አያውቅም።

መጀመሪያ ላይ ስለዚህ ነገር ለዘመድ ሳወራ ወሬዬ ቀላል ነበር። «እነሱ ጋ ሰው ቁጥር ነው፣ እኛ ጋ ሰው ስም አለው» እላለሁ። ዲያስፖራ ስትሆን እንዲህ ዓይነት አባባል ይቀናሃል። ለስልክም ይመቻል። አሁን ግን ያን ያህል አላምንበትም።

አንደኛ፣ አዲስ አበባን አስቧት። አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ ሃያ ሁለት፣ አስራ ስምንት፣ አርባ አንድ ኢየሱስ። የከተማችን ግማሹ ቁጥር ነው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ የአውቶቡስ ቁጥር ነበር፤ ሕዝቡ ወስዶ ሰፈር አደረገው። ስድስት ኪሎ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ሚዛን ትዝ አይለውም። መሥሪያ ቤት ያወጣውን ቁጥር ሕዝብ ነጥቆ ስም ያደርገዋል። የበርሚንግሃም ልጆችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የማያስከብር ወረቀት ነበር፤ እነሱ ዓለም የሚያጨበጭብለት ስም አደረጉት።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ከነከነኝ። የእኛም አገር አርባ የሚባል ባንድ ነበረው። እውነተኛ አርባ። ተቆጥረው አርባ።

ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም አለፉ። እዚያ የአርመኖችን ገዳም ሲጎበኙ የነሐስ ሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወቱ ልጆች አዩ። ልጆቹ በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ከአርመን ፓትርያርክ ፈቃድ ጠይቀው አርባውን ወደ ኢትዮጵያ ወሰዷቸው። አዲስ አበባ የደረሱት ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እንቁጣጣሽ ደጃፍ ላይ ነው። አስተማሪያቸው ከአይንታብ የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የአገሪቱ የመጀመሪያው የመንግሥት ኦርኬስትራ እነሱ ሆኑ። ስማቸውም በቃ «አርባ ልጆች» ተባለ።

ይህን ታሪክ ተማሪ ሆኜ ሰምቼው ነበር። ያኔ የገባኝ የራስ ተፈሪ ደግነት ብቻ ነው። አሁን ስደተኛ ሆኜ ሳነበው ሌላ ነገር ታየኝ። በዚያ ታሪክ ውስጥ «ውጭ አገር» የተባለው የእኛው አገር ነው። ዲያስፖራዎቹ እነሱ ናቸው። ቋንቋ የማያውቁ፣ ምግቡ የጠነከረባቸው፣ ብርዱንም ዝናቡንም ያላሰቡት ልጆች ክረምት ሊወጣ ሲል እንጦጦ ሥር ደረሱ። ከመካከላቸው አንዱ የመጀመሪያውን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፈው አስባለሁ። የእኔን የመጀመሪያ ሌሊት አውቀዋለሁ። ማሞቂያውን እንዴት እንደሚከፍቱት ስላላወቅሁ ኮቴን ለብሼ ነው የተኛሁት።

ከዚያ ደግሞ የሚገርመው መጣ። ራስ ተፈሪ የብሔራዊ መዝሙሩን ዜማ እንዲደርስ ያዘዙት ይህን ኬቮርክ ናልባንዲያንን ነው። ግጥሙን ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፉት። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለው መዝሙር ንጉሡ እስኪወርዱ ድረስ አገሪቱ ቆማ የዘመረችው ነው። እናቴ ዛሬም ከነዜማው ትዘምረዋለች። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ ኋላ መጥቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርን፣ የዛሬውን ብሔራዊ ቲያትር፣ የሙዚቃ ክፍል አሳደገ። ዘመናዊ የምንለው የአማርኛ ዘፈን ውስጥ ጥሩምባው እንዲያ ገብቶ የቀረው የእነዚህ ሰዎች እጅ ስላለበት ነው።

ይህን ለባልደረባዬ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየ። «አገር አልባ ሰው ብሔራዊ መዝሙር ሠራላችሁ?» አለ። አዎ። «እዚህስ እንዲህ ያደርጉ ነበር?» አልኩት። ሻዩን ጠጣ።

ግን እኛንም አላሞግስም። አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። አርባ ልጆች የምንላቸው የእያንዳንዳቸውን ስም ስለማናውቅ ነው። ኬቮርክን እናውቃለን። የቀሩትስ? አንዱ ትሮምቦን ይነፋ ነበር፣ ሌላው ከበሮ ይመታ ነበር። እናት ያወጣችለት ስም ነበረው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ድምሩን ነው። ዩቢ ፎርቲዎች ቁጥራቸውን ራሳቸው መርጠው ለጠፉት። እነዚያን ልጆች ግን ሌላ ሰው ነው የቆጠራቸው። እኔን የቢሮዋ ልጅ ቁጥሬን ስትጠይቀኝ የተሰማኝ መገላገል፣ ለእነሱ እንዴት እንደነበር እንጃ።

ደግሞ ቁጥሩ አርባ መሆኑ። አርባ ለእኛ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው። ሰው ሲሞትም አርባው ይወጣል። መካከል ላይ ያለውን ሕይወት ደግሞ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብለን እናማርረዋለን፤ ዘፈኖቻችንም ሲያማርሩት ኖረዋል። ምንጩ በዛ ያለ መሰለንና ከተማውን አርባ ምንጭ አልነው። ፈረንጅ አርባን ቅጽ ላይ ጻፈው፣ እኛ ግንባር ላይ።

ሬዲዮም አርባ ይወዳል እዚህ። «ቶፕ ፎርቲ» ይሉታል፣ የሳምንቱ አርባ ዘፈኖች። የእኔ ችግር አርባውንም ሰምቼ አንዱን አለማስታወሴ ነው። ዕድሜ ይሆናል።

አየርላንዳዊው ዩቱ ባንድም «40» የሚል ዘፈን አለው፣ በ1983 የወጣ። ከመዝሙረ ዳዊት 40 የተወሰደ ነው። ለዓመታት ኮንሰርታቸውን የሚዘጉት በእሱ ነበር። እነሱ ከመድረክ ከወረዱ በኋላ ሕዝቡ እየዘፈነ ይወጣል። ቤቴ ያለውን የግዕዝ ዳዊት ገልጬ ባየው ቦታው ላይ የለም። ለካ የእኛ ዳዊት አቆጣጠሩ በአንድ ዝቅ ይላል። የእነሱ 40ኛ እኛ ጋ 39ኛ ነው፦ «ጸኒሐ ጸናሕክዎ ለእግዚአብሔር»። ዩቱዎች ኢትዮጵያዊ ቢሆኑ ዘፈኑ «39» ይባል ነበር ማለት ነው።

እሱ ስም ደግሞ ተይዟል። ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1975 «39» የሚል ዘፈን አውጥቷል። የጻፈውም የዘፈነውም ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ ነው፤ ሰውዬው የሥነ ፈለክ ዶክተር ነው። ታሪኩ አዲስ ዓለም ፍለጋ በመርከብ ወደ ጠፈር ስለሄዱ ሰዎች ነው። ለእነሱ አንድ ዓመት ይመስላቸዋል። ሲመለሱ ግን መቶ ዓመት አልፏል፤ የተዋቸው ሰዎች የሉም። ዘፈኑ ለጆሮ ደስ የሚል፣ ወለም ዘለም የሚያደርግ ነው። ቃሉን ልብ ብለህ እስክትሰማ ድረስ።

ባለፈው አገር ቤት ስገባ ይህ ዘፈን ትዝ አለኝ። በነገራችን ላይ እኛ ስንመለስ ካሌንደሩ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። አውሮፕላን ተሳፍረህ ስትወርድ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ትመለሳለህ። ወረቀት ላይ ወጣት ትሆናለህ። ሰፈርህ ስትደርስ ግን የምታውቀው አጥር የለም፣ መንገዱ ዞሯል፣ ሕንፃ በቅሏል፣ ልጆቹ «አባባ ማንን ፈልገው ነው?» ይሉሃል። አባባ! እኔን!

ሁሉን አዋቂውን ግን አገኘሁት። ሸብቷል፣ አልተለወጠም። ተቃቅፈን ስናበቃ ካሴቱን አነሳሁበት። ስለ ቅጹ ነገርኩት። ፊቱ ጨለመ፤ ሰላሳ ምናምን ዓመት ያመነበትን ነገር እየነጠቅሁት ነው። ላጽናናው ብዬ የዘፈኑን ታሪክ ጨመርኩለት። «ሬድ ሬድ ዋይን»ን የጻፈው አሜሪካዊው ኒል ዳይመንድ ነው፣ በ1967። ዩቢ ፎርቲዎች ግን ዘፈኑን የሚያውቁት በሬጌ ነበር። የደራሲው ስም «ኤን. ዳይመንድ» ተብሎ ተጽፎ ሲያዩ ኤኗን «ነጉስ» ብለው ፈቷት። ነጉስ ዳይመንድ የሚባል ጃማይካዊ መስሏቸው ነበር።

«ንጉሥ!» አለ። ደስ አለው። «አየህ? ከእኛ ነው። ራስታው የራስ ተፈሪ፣ ዘፈኑ የንጉሥ። እኔ ምን አልኳችሁ?»

እንዲህ ብሎ ግን አያውቅም። ዝም አልኩት።

«አሁንስ አብረው ናቸው?» አለኝ ቆይቶ።

ተለያይተዋል አልኩት። ድምፃዊው አሊ ካምቤል በ2008 ወጣ። ወንድሙ ዳንከን በእሱ ቦታ ገባ፤ ሌላው ወንድሙ ሮቢንም እዚያው ቀረ። ከወጡት መካከል ደግሞ የተወሰኑት ሌላ ባንድ አቋቋሙ። በስሙ ተካሰሱ። ሁለቱም ራሳቸውን ዩቢ ፎርቲ ይላሉ።

ጣቱን አገጩ ላይ አድርጎ አሰበ። ከዚያ ዓይኑ በራ።

«እና አሁን ሃያ ሃያ ናቸዋ!»