ሚዛኑን ብቻ አትመኑ

በቅርቡ ያወጣችሁት ጽሑፍ የህብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበት ሰው ስፖርት ከሠራ የሰውነቱ ስብ ይቀንሳል ይላል። ልክ ነው፤ ግን ሚዛን እንደሚያታልል አልተነሳም። ታናሽ ወንድሜ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ወዲህ ኪሎው ብዙም አልጨመረም። የእግሩ ጡንቻ ሟሟ፣ ሆዱ ግን ወጣ። ለሌላው ሰው ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚባለው ቢኤምአይ (ኪሎ ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ የሚሰላው ቁጥር) 30 ሲደርስ ነው፤ ይህ ጉዳት ላለባቸው ግን 22 ላይ ተጠንቀቁ የሚሉ ባለሙያዎች አሉ።

በሳምንት 3 ቀን፣ 30 30 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመከራል። እኛ ሰፈር ኮዬ ፈጬ ግን የት ይሠራ? ኮብልስቶኑ የዊልቸሩን የፊት ጎማ ቀርቅሮ ይይዘዋል። በጠዋት አስፋልት ዳር እንወርዳለን፤ መዳፉ ጠቁሮ፣ አንገቱ በላብ ርሶ ይመለሳል። እማዬ ደግሞ "በሞቴ" እያለች ታጎርሰዋለች። በእጅ ብቻ ሲሠራ የሚቃጠለው ካሎሪ ትንሽ ነው። እባካችሁ ስለ ምግቡም ጻፉልን።