ባቡሩ ውስጥ ያሉትንም ቁጠሯቸው

በካናዳዋ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የቶሮንቶንና የአካባቢዋን ባቡር የሚመራው የመንግሥት ድርጅት ሜትሮሊንክስ እ.ኤ.አ. በ2016 አሥራ ሁለት አዳዲስ ጣቢያዎች እንዲሠሩ አጸደቀ። ከነዚህ ውስጥ ስለ ሁለቱ፣ ስለ ከርቢና ስለ ሎውረንስ ኢስት፣ የተሠራው ጥናት ወጪያቸውና ጉዳታቸው ከጥቅማቸው ይበልጣል የሚል ነበር። ከርቢ የሚገኘው በጊዜው የትራንስፖርት ሚኒስትር በነበሩት ሰው የምርጫ ክልል ነው። ሎውረንስ ኢስትን ደግሞ የቶሮንቶ ከተማ አስተዳደር አጥብቆ ይፈልገው ነበር። በ2018 የኦንታሪዮ ዋና ኦዲተር ነገሩን መርምረው፣ ሚኒስትሩና ከተማው በውሳኔው ላይ ተጽዕኖ ማድረጋቸውን በሪፖርታቸው አወጡት።

የማነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ተመራጭ ለሰፈሩ ጣቢያ መጠየቁ የትም ያለ ነው፤ ሪባን መቁረጥን ማን ይጠላል? እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ ጣቢያ መጨመር ገንዘቡን ከመብላቱ ሌላ ማንን ይጎዳል?

ይጎዳል እንጂ። ባቡር «ወራጅ አለ» ሲሉት ጥግ ይዞ የሚቆም ነገር አይደለም። ከሩቅ ጀምሮ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይቆማል፣ በር ይከፍታል፣ ያወርዳል፣ ይጭናል። ከዚያ የቀድሞ ፍጥነቱን እስኪይዝ ድረስ ሌላ ጊዜ ይበላል። ሁሉም ሲደመር ወደ ሁለት ደቂቃ ይጠጋል። ከባድ የናፍጣ ባቡር ከሆነ ይብሳል፤ የኤሌክትሪኩ ቶሎ ስለሚነሳ ትንሽ ይሻላል።

ሁለት ደቂቃ ምን አላት? እስኪ እናስላት፣ ቁጥሮቹ የኔ ምሳሌ ናቸው። ጠዋት 1,000 ሰው የጫነ ባቡር አለ እንበል። አዲሱ ጣቢያ ላይ 60 ሰው ይሳፈራል፤ ለያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ ይተርፋል። በድምሩ 900 ደቂቃ። ቀድመው የተቀመጡት (የቆሙትም አሉ) 1,000 ሰዎች ግን ሁለት ሁለት ደቂቃ ሲከስሩ 2,000 ደቂቃ ነው። ማታ ሲመለሱም ያው።

ችግሩ እነዚያ 1,000 ሰዎች ስብሰባ ላይ አይገኙም። ጣቢያ የፈለገ ሰፈር ፊርማ ያሰባስባል፣ ሽማግሌ ይልካል። ሁለት ደቂቃ የተወሰደበት ሰው ግን መወሰዱንም አያውቅም። «ይሄ ባቡር ዘንድሮ ቀሰስ አለ» ብሎ ያማርርና አንድ ቀን የመኪናውን ቁልፍ ያነሳል።

ይኸው ስሌት ታዲያ ጣቢያው የት ቢሆን እንደሚሻልም ይነግረናል። መስመሩ ከሚነሳበት ዳር አካባቢ ባቡሩ ገና ባዶ ነው፤ እዚያ ቢቆም የሚከስረው ጥቂት ሰው ነው። ወደ መሃል ከተማ በተጠጋ ቁጥር ባቡሩ ይሞላል። እዚያ የሚሠራ ጣቢያ ለመቆሙ የሚበቃ ብዙ ሰው ማውረድና መጫን አለበት፤ ወይ ከሌላ መስመር ጋር መገናኛ መሆን አለበት። መሃል ላይ ሆኖ ለሃምሳ ሰው የሚቆም ጣቢያ ለኔ አይዋጥልኝም።

ሁለተኛው ነገር እግር ነው። ሰው ጣቢያ ለመድረስ አሥር ደቂቃ ይራመዳል ብንል ወደ 800 ሜትር ነው። በጣቢያው ዙሪያ በዚሁ ርቀት ክብ ብናሰምር ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ቀላል ቦታ አይደለም። ግን አንዱ ጎን ወንዝ ከሆነ ግማሹ ሄደ። ጣቢያውን በፈጣን መንገድ መሃል ካስቀመጡት ደግሞ ከግራም ከቀኝም አስፋልትና የመኪና ጩኸት ነው፤ የቀረውንም ቦታ የመኪናው መውጫና መግቢያ ይበላዋል።

በዋሽንግተን ሜትሮ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። የዋሽንግተን ጎረቤት የሆነችውን አርሊንግተንን የሚያቋርጠው መስመር መጀመሪያ የታሰበው በአይ 66 ፈጣን መንገድ መሃል ነበር። መሬቱ ክፍት፣ ሥራው ርካሽ። አርሊንግተኖች ግን ተከራክረው መስመሩን እየደከመ በነበረው የንግድ ጎዳናቸው ሥር አስገቡት። በ1979 እዚያው አርሊንግተን ውስጥ እስካለው የቦልስተን ጣቢያ ተከፈተ። ዛሬ በነዚያ ጣቢያዎች ዙሪያ ፎቁ፣ መኖሪያው፣ ቢሮው ተያይዟል። እዚያው መስመር ላይ ራቅ ብሎ በፈጣን መንገዱ መሃል የቀረው የቪየና ጣቢያ በ1986 ሲከፈት ግን ብዙውን የጠበቀው ባለ መኪና ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር ማቆሚያ ተሠራለት። ከመኪና ለመገላገል ባቡር ሠርቶ መጀመሪያ መኪና መንዳት፣ አልሸሹም ዞር አሉ።

መሐንዲሶቹ የሚያነሷቸው ነገሮችም አሉ። ሃዲዱ እዚያ ቦታ ላይ ቀጥ ያለና ሜዳ ይሁን፤ ጠመዝማዛ ላይ በባቡሩና በመሳፈሪያው መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ልክ ናቸው፣ አልከራከርም።

ከካርታው ይልቅ የማምነው ግን በእግር መሄድን ነው። ባለ 12 ፉርጎ ባቡር፣ አንዱ ፉርጎ 20 ሜትር ቢሆን፣ መሳፈሪያው 240 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የጣቢያው መግቢያ በር በአንዱ ጫፍ ብቻ ነው። ሌላው ጫፍ አጠገብ የሚኖር ሰው ባቡሩ ሲገባ በአጥሩ ቀዳዳ ያየዋል። ቦርሳውን አንጠልጥሎ አጥሩን ተከትሎ ይሮጣል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ሲደርስ የባቡሩ በር ተዘግቷል። ካርታው ላይ ቤቱ ከጣቢያው ሃምሳ ሜትር ነው። ይህን ሰው ከባቡሩ ለማገናኘት አዲስ ጣቢያ አያስፈልግም፤ አጥሩን ቀዶ ሁለተኛ በር መክፈት ይበቃል። ባቡሩም አንድ ሰከንድ አይዘገይበትም።