በታላቅ ትህትና አመለክታለሁ

«እኔ አመልካች በልጅነቴ አባቴን በሞት የተነጠቅሁ፣ በእናቴ ጉሊት ያደግሁ፣ ሁለት ታናናሾቼን የማስተምር፣ ዘመድም ሆነ ደጋፊ የሌለኝ በመሆኔ፣ ድርጅታችሁ ችግሬን ተመልክቶ በክፍት የሥራ ቦታው ላይ እንዲቀጥረኝ ከእግራችሁ ሥር ወድቄ በታላቅ ትህትና አመለክታለሁ።»

ክፍት የሥራ ቦታው የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ይህን ያነበበ ሁሉ ለልጁ አንጀቱ ይላወሳል፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ግን አይሰጠውም። ስለ ጉሊቱ ተነግሮናል፣ ስለ ታናናሾቹም ተነግሮናል። መቁጠር ይችል እንደሆነ ግን እስከ ፊርማው ድረስ ብንወርድ የሚነግረን የለም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ስቀበል ኖሬያለሁ። ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስኖር ደግሞ ወረቀቱ ቤቴ ድረስ ይመጣል። ውኃ ቀድቼ ደረጃ ስወጣ አንዱ ጎረምሳ ከኋላ ይደርስና ጄሪካኑን ይቀበለኛል። እግዜር ይስጥህ ብዬ ሳልጨርስ፣ በሬ ላይ ስንደርስ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ይወጣል። «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይዩልኝ።» ማንም ውኃ በነጻ አይሸከምም።

ነገሩ የቆየ ነው። በድሮው ጊዜ ሹመት የሚሻ ሰው የጌታ ደጅ ይጠና ነበር። ማለዳ ይመጣል፣ እጅ ይነሳል፣ ቆሞ ይውላል፣ ሲመሽ ይሄዳል፤ ነገም እንዲሁ። ጌታው አንድ ቀን ዓይኑን ጣል ካደረገበት አለፈለት። ኋላም ጃንሆይ በመኪና ሲያልፉ አቤቱታውን በወረቀት ይዞ መንገድ ዳር የሚጠብቀው ብዙ ነበር። የዛሬው አመልካች ዲግሪ አለው፣ ኮምፒውተር ያውቃል፤ ማመልከቻ ሊጽፍ ሲቀመጥ ግን ያው ደጅ ጠኚ ነው። ደጁ ወደ መዝገብ ቤት መስኮት ተቀየረ እንጂ እጅ መንሳቱ እንዳለ ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እያልን የምንተርት ሰዎች፣ ስንናገር ደጃዝማችነቱን የሚያስቀርብንን መርጠን መናገራችን ይደንቀኛል። በሥራ ዘመኔ ለጽዳት ሠራተኛነት የቀረበ አንድ ማመልከቻ ግርጌው ላይ «ግልባጭ፡- ለጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት» የሚል ሰፍሮበት አይቻለሁ። ሰውየው ባንቀጥረው ማን እንደሚጠይቀን አስቀድሞ ማሳወቁ ነበር።

አሠሪውም ቢሆን የሚመሰገን አይደለም። ማስታወቂያው ደመወዙ «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ነው ይላል፤ ስኬሉን ከድርጅቱ ሌላ ያየው የለም። ሥራው ያለው ገላን፣ ከእኛ ሰፈር በአንድ ታክሲ የሚደረስበት ቦታ ነው። ማመልከቻው የሚገባው ግን መሀል ከተማ ባለው ዋና መሥሪያ ቤት፣ በአካል በመቅረብ፣ ዋናውንና የማይመለስ ኮፒውን በመያዝ ነው። እናም ጎረቤት ባለ መጋዘን ለመቀጠር የፈለገ ልጅ ጎህ ሲቀድ ታክሲ ይሰለፋል፣ ቃሊቲ ላይ ይወርዳል፣ ሌላ ታክሲ ይጋፋል፣ ሳሪስ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ይቆማል። መዝገብ ቤት ሲደርስ ለምሳ ተዘግቷል። ስምንት ሰዓት ላይ መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ የኮፒው አንዱ ገጽ ጎድሏል።

እዚህ ላይ ሕጉን ላንሳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አዲሱን ሠራተኛ በሙከራ እንዲያየው እስከ 60 የሥራ ቀናት ይፈቅድለታል። ማመልከቻው ግን ከክምሩ ውስጥ ሲወጣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ካገኘ ዕድለኛ ነው። አመልካቹ ስለ ሟች አባቱ የሚያወጋው እንግዲህ በዚህች ደቂቃ ነው። ያው አዋጅ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። አመልካቹም ማስረጃውን ከማመልከቻው ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ ደብዳቤው የሚናገረው ማስረጃው የማይናገረውን መሆን ነበረበት፤ ሥራው እንዴት እንደተሠራ።

ይህን ለሰፈራችን ጽሕፈት ቤት ማስረዳት ግን ከባድ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከብሎካችን ሥር ነው። በሩ ላይ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የሞባይል ካርድ፣ የፈረንጅ እንቁላል» ይላል። ኮምፒውተሩ ውስጥ «ማመልከቻ የመጨረሻ» የሚባል አንድ ፋይል አለ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በዚህ ፋይል ነው የሚያመለክተው፤ ስምና የሥራ መደብ ይቀየራል፣ ሌላው አይነካም። ከዓመታት በፊት ጸሐፊዋ አንዲት ፊደል አብዝታ ስለነበር ቱሉ ዲምቱ ውስጥ «ታታሪ» የሚባል ሥራ ፈላጊ የለም፤ ሁላችንም «ታታታሪ» ነን። አንድ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዲት የልብስ ስፌት ባለሙያና አንድ የሌሊት ጥበቃ በአንድ ሳምንት ያስገቡትን ሦስት ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻለሁ። ሦስቱም «ከማንኛውም ሰው ጋር ተግባብቶ የመሥራት ልዩ ችሎታ» አላቸው። ለሒሳብ ሠራተኛው ግድ የለም። የሌሊት ጥበቃው ግን በዚያ ሰዓት አጥር ዘሎ ከሚመጣው ጋር ተግባብቶ የሚሠራ ከሆነ ድርጅቱ ሲነጋ ምን ይተርፈዋል?

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም አመልክቶ ያውቃል። በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር 1482 ገደማ ለሚላኖው ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የተረፈው ረቂቅ የራሱ የእጅ ጽሑፍ አይደለም፤ እሱም እንደኛ ወደ ጽሕፈት ቤት ጎራ ሳይል አልቀረም። ስለ ችግሩ አንድ መስመር አልጻፈም። ገዥው የሚያስፈልገው የጦር መሣሪያ መሆኑን አውቆ፣ የሚጓጓዝ ቀላል ድልድይ፣ የምሽግ ማፍረሻ፣ መድፍና የተሸፈነ ሠረገላ መሥራት እንደሚችል ተራ በተራ ዘረዘረ። መሣል እንደሚችል የጠቀሰው ወደ መጨረሻው ነው። የተጠራጠረ ካለ እዚያው ፊታችሁ ሞክሬ አሳያለሁ አለ። ትህትናው የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመዝጊያዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። በእርግጥ ሰውየው ዲግሪ የለውም፣ የብቃት ማረጋገጫ ፈተና አልወሰደም፣ ዋስም አልጠራም። እኛ ዘንድ ቢያመለክት መዝገብ ቤቷ ራሷ ትመልሰው ነበር።

«ደብዳቤ ምን ሊረባ፣ ዘመድ ነው እንጂ!» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፤ ዘመድ ከዘመዱ ነው። ነገር ግን ዘመድ ያለውም ማመልከቻ ያስገባል። ዘመዱም ቢሆን ለአለቃው «ይሄኛውን ልጅ» ብሎ የሚያሳየው፣ ሲያሳየው የማያፍርበት ወረቀት ይፈልጋል።

የጉሊቱን ደብዳቤ ያመጣው ልጅ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ የጎረቤቴ ልጅ ነው። አስቀመጥሁትና «ከዚህ በፊት ምን ሠርተሃል?» አልሁት።

«ምንም አልሠራሁም፣ ጋሼ። ንብረት ክፍል ነበርኩ።»

«ስንት ዓመት?»

«2 ዓመት፣ በኮንትራት።»

«የዕቃ ገቢውን ደረሰኝ፣ ሞዴል 19 የሚቆርጠው ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ።»

«የወጪውንስ፣ 22ን?»

«እሱንም እኔ።»

«ስንት ዓይነት ዕቃ ነበር?»

«ቢን ካርድ፣ ያው የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ ያለው ብቻ 1,200 ይሆናል።»

«በቆጠራ ጊዜ የጎደለብህ ነገር አለ?»

«አንድ ጎማ ጠፋ ተብሎ ነበር። ሦስት ቀን ፈልጌ በሌላ መለያ ቁጥር ተመዝግቦ አገኘሁት። ሌላ ምንም አልጎደለም።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍከውም?»

ልጁ ግራ ገብቶት አየኝ። «ሥራዬ አይደል እንዴ፣ ጋሼ?» አለ።

አባቱ ሞቶ እናቱ በጉሊት እንዳሳደጉት ሲጽፍ ያላፈረ ልጅ፣ ጎማ ማግኘቱን መጻፍ ጉራ መሰለው። ጨዋ አሳዳጊ ያሳደገው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ችግሩን በአደባባይ ይናገራል፣ ሙያውን ይደብቃል።

አብረን ተቀምጠን ጻፍነው። ቀኑና የድርጅቱ ትክክለኛ ስም ከላይ፣ ስልክ ቁጥሩና ፊርማው ከታች። ስልኩን ሁለት ጊዜ አስነበብሁት፤ አንድ አሃዝ ተሳስቶ የቀረ ስንት ሰው አውቃለሁ። መሀሉ ይኸው ነበር፦

«በማስታወቂያችሁ በተራ ቁጥር 4 ለተገለጸው የመጋዘን ሠራተኛ የሥራ መደብ አመለክታለሁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ለ2 ዓመት ሠርቻለሁ። 1,200 ያህል የዕቃ ዓይነቶችን በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ እያደረግሁ በቢን ካርድ ተቆጣጥሬያለሁ። በሁለቱም ዓመታዊ ቆጠራዎች በገቢና በወጪ መካከል ጉድለት አልተገኘብኝም። መኖሪያዬ ቱሉ ዲምቱ ስለሆነ መጋዘናችሁ በአንድ ታክሲ እደርሳለሁ። ለፈተና በምትጠሩኝ ቀን እገኛለሁ።»

ማታውኑ እናቱ በሬን አንኳኩ። ወረቀቱን በእጃቸው ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ምነው እንዲህ አደረጉን? ይሄ ልጅ እንዲህ ተጀንኖ ማን ይቀጥረዋል? ‹አልተገኘብኝም› ይላል እኮ! ማን ጠረጠረው?»

«እመቤቴ፣ መጋዘን ስለሆነ ነው።»

«እሺ ይሁን። እኔስ የት ሄድኩ?»

«እርስዎ ምን ሆኑ?»

«ጉሊቴ የለችበትም! አስተምሬው፣ አሳድጌው፣ ለማመልከቻ እንኳ አልሆን?»

ይህን በሕግም ሆነ በዳ ቪንቺ መመለስ አይቻልም። ተነጋግረን፣ ተከራክረን፣ ቡናም ተጠጥቶ፣ «ከሰላምታ ጋር» የሚለው ተሰርዞ «ከእናቴ ጭምር ከታላቅ አክብሮታዊ ሰላምታ ጋር» እንዲባል ተስማማን። ድርጅቱ በዚህ ይቆጣል ብዬ አልሰጋሁም፤ እንደውም ጉድለት ያልተገኘበት ልጅ ከየት እንደመጣ ይገልጻል።

ልጁ ለፈተና ተጠራ፣ አለፈ፣ ቁልፉንም ተረከበ። ወሬው ከብሎክ ብሎክ ተዳረሰ። ደብዳቤው የተተየበው ያው ከታች ባለው ጽሕፈት ቤት ስለነበር ጸሐፊዋ ጊዜ አላጠፋችም፤ የድሮውን ፋይል ሰርዛ አዲሱን «ማመልከቻ የሚያስቀጥር» ብላ አስቀመጠችው። ዋጋውም በ20 ብር ጨመረ።

ባለፈው ሳምንት ጄሪካኔን የተቀበለችኝ አዲስ የተመረቀች አዋላጅ ነርስ ናት። በሬ ላይ ስንደርስ ወረቀቷን ዘረጋችልኝ። ለአንድ ጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል የምታመለክት ሲሆን፣ በተለማማጅነት ጊዜዋ በገቢና በወጪ መካከል ምንም ዓይነት ጉድለት እንዳልተገኘባት ትገልጻለች። ከእናቷ ጭምር ሰላምታ አቅርባለች። ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር እንድታወጣ መከርኋት፤ የመጀመሪያዋን ግን አንብቤ አንብቤ፣ ለማዋለጃ ክፍል ከዚህ የተሻለ ምን ሊባል እንደሚችል አጥቼ እንዳለች መለስሁላት።