አብሽር፣ ብላው!

ሐምሌ መጨረሻ ነው። ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ጠዋት ላይ ፋታ ሰጠ። ደሴ በክረምት ፋታ ስትሰጥ ቤት ቁጭ ማለት ኃጢአት ነው። ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ወጣሁና ዛፎቹ መሃል ስድስት እንጉዳይ አገኘሁ። ነጫጭ፣ ደልደል ያሉ። በፌስታል ይዤ ወረድኩ።

ጥፋቴ ፌስታሉ ነው። ውስጡ ያለውን ሁሉ ያሳያል። ሰፈር በር ላይ አያ አብሽር ቆሞ ነበር።

ስሙ እንኳ ሌላ ነው። እኛ ወሎዎች «አይዞህ» ለማለት «አብሽር» እንላለን፤ እሱ ግን ለሁሉም ነገር ይላታል። ፌስታሌን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «አብሽር፣ ብላው! ነጭ ነገር ምን ክፋት አለው?» አለኝ።

ወዲያው ሸንጎ ተሰበሰበ። አንዷ፣ «ከብር ማንኪያ ጋር ቀቅለው፤ ካልጠቆረ ጤነኛ ነው» አለች። ሰፈራችን ውስጥ የብር ማንኪያ ያለው ሰው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ደግሞም ብርን የሚያጠቁረው ድኝ እንጂ የእንጉዳይ መርዝ አይደለም። ሌላው፣ «ቀንድ አውጣ ከነከሰው አይጎዳም» አለ። ቀንድ አውጣ እኛን የሚገድለውን በልቶ በሰላም ይሄዳል፤ ሰውነቱ እንደኛ አይደለም። ሦስተኛዋ፣ «በቁሌት ውስጥ የማይሞት መርዝ የለም» አሉ። ዋናው ገዳይ መርዝ ግን ቢቀቅሉትም ቢጠብሱትም ንቅንቅ አይልም።

ዝም አልኩ። ታላቅ ሰው ናቸው፣ ምን እላለሁ?

ገጠር እንጉዳይን «የጅብ ጥላ» የሚሉት አሉ። ጅብ ከተነሳ ደግሞ አንድ የምወደው ተረት አለ፦ «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ።» ሰው ሁሉ በጅቡ ይስቃል። እኔን የሚገርሙኝ አንጣፊዎቹ ናቸው። ጅብ መሆኑ ከሩቅ ይታያል እኮ! ኋላው ዝቅ፣ ፊቱ ከፍ ያለ ነው። ሽታውስ? ይህን ሁሉ ትተው የሚናገረውን ሰምተው ቁርበት ያነጥፋሉ። ጠዋት ቁርበቱ የለም።

እኔም አንጥፌ አውቃለሁ። ከሰባት ዓመት በፊት ቤት ስከራይ ጣሪያው ላይ ቀዳዳ አይቻለሁ። በዓይኔ! ፀሐይ ገብታበት መሬቱ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል ብርሃን በትናለች። አያ አብሽር ደላላዬ ነበር። «አብሽር፣ ለብርሃን ነው» አለኝ። የስድስት ወር ከፈልኩ። ክረምት ገባ። ባልዲ፣ ድስት፣ ጆግ፣ የልጅ ፖፖ ሳይቀር ደረደርን። ባልዲው ዱብ፣ ጆጉ ጢቅ ይላል፤ ሌሊቱን ሙሉ። ነሐሴ ላይ ከቁምሳጥኑ ስር ባለ ቆብ ቡናማ ነገር ብቅ አለ። ጠርቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየና፣ «አብሽር፣ ቤቱ በረከት አለው» ብሎኝ ሄደ። የድለላውን ብር እስከ ዛሬ አልመለሰም። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

ምን ላይ ነበርን? እንጉዳዩ።

እንጉዳይ በቢላ አይቆረጥም፤ ከስሩ ተፈንቅሎ ይወጣል። ዋናው ምስክር አፈር ውስጥ ነውና። የእኔዎቹ ከእግራቸው ስር እንደ ተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ያለ ከረጢት ነበራቸው። አንገታቸው ላይ እንደ ጉርድ ቀሚስ የተንጠለጠለ ቀለበት አለ። ከቆቡ ስር እንደ ደብተር ገጽ የተደረደሩት ስስ ነገሮች ነጭ ናቸው። ገበያ የሚሸጠው ነጩ ባለ ክብ ቆብ እርባታ እንጉዳይ እዚያ ጋ መጀመሪያ ሮዝ፣ ሲበስል ቸኮሌት ይመስላል። ማታ ከልጄ ደብተር ነጭና ጥቁር ወረቀት አጋጥሜ አንዱን ቆብ ደፋሁበት፣ በብርጭቆ ከደንኩት። ጠዋት ሳነሳው ጥቁሩ ላይ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ዙሪያውን የተዘረጋ ነጭ ዱቄት ወርዷል። ከረጢት፣ ቀለበት፣ ነጭ ዱቄት። አማኒታ ከሚባለው ወገን ነው ማለት ነው። ከዚህ ወገን የሚበላም አለ፤ ግን በዓለም ላይ በእንጉዳይ መርዝ ከሚሞተው ሰው አብዛኛውን የሚገድለውም ከዚሁ ነው።

የገዳዩ አገዳደል ነው የሚያናድደኝ። ከበሉት በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ምንም የለም። ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ። ከዚያ ደግሞ ሻል ይላል! ቤተሰብ «ተመስገን፣ ዳነ» ይላል፣ ቡና ይፈላል። ጉበት ግን ውስጥ ለውስጥ እያለቀ ነው። እንጉዳዩ ራሱ አብሽር ይላል እኮ!

ጓሮ ቆፍሬ ስድስቱንም ቀበርኳቸው። ስወጣ አያ አብሽር በር ላይ ነው።

«እህ፣ ጣፈጠህ?»

«አልበላሁትም።»

«ፈሪ!»

«አንተ ብትሆን ትበላው ነበር?»

«እኔ?» አለና ፊቱን አጨማደደ። «እኔማ እንጉዳይ አፌ ገብቶ አያውቅም። ሳየው ያጥወለውለኛል።»

ብርጭቆውን ባለቤቴ ሦስት ጊዜ በአመድ፣ ሁለት ጊዜ በሳሙና አጥባ መደርደሪያው ጥግ ለብቻው አስቀምጣዋለች። እኔም ደፍሬ አልጠጣሁበትም። አያ አብሽር ውሃ ሲጠማው ግን…